የአህያ እድር

«የጅቦቹ እናት ተቀብራለች። አንቺም እንግዲህ ዱላውን ጣይና ወግ ያለው ሥራ ፈልጊ» አሉኝ ጋሽ ደስታ ፊት ለፊቴ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እትዬ አልጋነሽ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ደም ግፊት ነው የወሰዳት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከአቃቂ እስከ ሳሪስ «ያቺን ሴትዮ ጅብ በላት» ተብሎ ስለተወራ ነው። አልበላትም። በሕይወት ሳለች ወሬው ጆሮዋ ቢደርስ «እኔን? ጥርሱ አያሳዝነውም እንዴ?» ትል ነበር።

ጋሽ ደስታ በዚያ አላበቁም። መርዙን ገዝተው እቤታቸው እንዳስቀመጡት፣ ዛሬውኑ በሥጋ ለውሰው ጅቦቹ በሚያድሩበት የድንጋይ ካባ አፍ ላይ እንደሚያኖሩት፣ ከእንግዲህ አቃቂ ውስጥ ጅብ ሲጮህ እንደማይሰማ ተናገሩ። ሰዉ አቀረቀረ። ግማሹ ለለቅሶው ነው ያቀረቀረው፣ ግማሹ ግን ተስማምቶ ነው። ተስማምቶ ያቀረቀረ ሰው አንገቱ ያስታውቃል።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም። «ጋሽ ደስታ፣ የተቀመጡበትን ወንበር ማን እንደገዛው ረሱት? ጅብ ነው የገዛው። ድንኳኑንም ጅብ ነው የገዛው» አልኳቸው።

«ዓለሚቱንስ ማን በላት?» አሉኝ።

ዓለሚቱ አህያቸው ናት። እትዬ አልጋነሽ የወደቀች ዕለት አመሻሽ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ወደ እሷ ቤት ሲሮጥ የአህዮቹ የጋራ በረት ሳይዘጋ ቀረ። ዓለሚቱ ወጣች። በማግስቱ የተገኘው አንገቷ ላይ የነበረው ቀይ ክር ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውየው ያለ ነገር አልተቆጡም። እኔንም ያንገበገበኝ ይኸው ነው፤ የማትወጂው ሰው እውነት ይዞ ሲመጣ ምን ታደርጊዋለሽ?

እትዬ አልጋነሽን ሳስባት መጀመሪያ የሚመጣብኝ ኮቷ ነው። ባሏ ምድር ባቡር ሲሠሩ ይለብሱት የነበረውን ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ የናስ ቁልፍ ያለውን፣ ክረምት ከበጋ አታወልቀውም። እጅጌው ስለሚረዝማት ትጠቀልለዋለች። ከባድ ነገር ልትናገር ስትል ከላይ ያለችውን ቁልፍ ትቆልፋለች። ያቺ ቁልፍ ከተቆለፈች በኋላ ቄስም ሼህም ቀበሌም አይመልሳትም። አራት አህዮች ነበሯት። እህል ወፍጮ ቤት ታደርሳለች፣ ቧንቧ ሲጠፋ ውሃ ታመላልሳለች፣ ቤት ለሚሠራ ሰው ብሎኬት ታግዛለች። አንቱ ሲሏት አትወድም። «አንቱ ጡረታ ለወጣ ነው» ብላ ከልጅነቴ ጀምሮ አንቺ ማለት አስለምዳኛለች። ሞታም አንቺ ነው የምላት።

ቤቷ የሰፈሩ መጨረሻ ነው። ከአጥሯ ጀርባ ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ካባ አለ። ፈለጣው ሲቆም ገደልና ዋሻ ሆኖ ቀረ፤ ጅብ ደግሞ ባዶ ቤት ሲያገኝ አከራይ አይጠይቅም፣ ገባበት። ወንዙ ዳር ከየሥጋ ቤቱ የሚጣል አጥንት አለ፤ ማታ ደጅ የሚያድር አህያ አለ። ምን ጎደለው?

አንድ ጊዜ ሸጋ የምትባለዋን አህያዋን በሉባት። ሸጋ ከአራቱ ጎበዟ ነበረች። በማግስቱ የሰፈሩ ወንዶች ተሰብስበው መጡና አዋጥተን መርዝ እንግዛ አሉ። ያኔም ፊት የቀደሙት ጋሽ ደስታ ናቸው። ተጎጂዋ እሷ ናትና ቀድማ ታዋጣለች ብለው ጠበቁ። እሷ ቁልፏን ቆለፈች።

«አልወዳቸውም» አለች። «ጎረቤቶቼን እናንተንም አልወዳችሁም። ግን እስከ ዛሬ አንዳችሁንም መርዝ አላበላሁም።»

ወንዶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ቀደም ባለው ጊዜ መርዝ ተጥሎ ያለቁት የሰፈሩ ውሾች መሆናቸውን፣ ውሻ ካለቀ በኋላ ደግሞ ከወዲያ ማዶ የመጣ ጅብ ደጅ ድረስ እየገባ ጫማ ሳይቀር ይዞ መሄዱን ነገረቻቸው። አዲስ ነገር አልነገረቻቸውም። ሁሉም ያኔ እዚያው ነበሩ፤ ውሾቹን የቀበሩትም እነሱው ናቸው።

«ታዲያ ምን ይሁን ትያለሽ?» አሏት።

«እኔ ምን አውቄ» አለች። እውነቷን ነበር፣ አታውቅም። ለመርዝ ግን አልሰጥም አለች። አህያዋ የተበላባት ሴት እምቢ ካለች ሌላው በምን አፉ ያዋጣል? ነገሩ በኩርፊያ ተበተነ።

መልሱ የመጣው ከተበላሸ ካምቢዮ ነው። ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ አለ፣ ሰፈራችን ከእናቱ ጋር የሚኖር የሚኒባስ ሹፌር። አንድ ቀን ፈረንጆች ጭኖ ከቢሾፍቱ ሲመለስ ካምቢዮው እምቢ አለውና መኪናውን እየገፋ እኛ ሰፈር አስገባው። እትዬ አልጋነሽ አጥር ጥግ አቁሞ ከሥሩ ገባ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንዲት ጅብ ሁለት ልጆቿን አስከትላ ከዋሻው ወጣችና የካባው አፋፍ ላይ ተጋደመች። ልጆቿ ጆሮዋን ይነክሳሉ፤ እሷ ታዛጋለች። ፈረንጆቹ አንዴ ተንጫጩና ጸጥ አሉ። ካምቢዮው ተሠርቶ ሲያልቅ አንሄድም ብለው ሰይድን አስቸገሩት።

ትንሽ ቆይቶ ጓደኞቻቸውን ላኩ። ሰይድ እትዬ አልጋነሽ ጋ መጣና ከአጥርሽ ሆነው ለማየት እንከፍላለን ይላሉ አላት። የሚያሾፍባት መስሏት ነበር።

«ለማየት ብቻ?»

«ለማየት ብቻ።»

«ሳይወስዱት?»

«የት ይወስዱታል እትዬ?»

«አገራቸው። ይዘውልኝ ቢሄዱማ መርቄ ነበር የምሸኛቸው።»

ሰይድ ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ ይስቃል። እሷ ግን ከልቧ አሰበችበት። ከዚያ ቁልፏን ቆልፋ ሰይድ ቤት ድረስ ሄደች። ይምጡ አለች፤ የሚሰጡት ግን ለእሷ እንዳልሆነ፣ አህያው ለተበላበት ሰው መተኪያ እንደሚሆን፣ ለአህዮች ሁሉ ማደሪያ በረት እንደሚሠራበት ነገረችው። መጨረሻ ላይ የተናገረችውን እኔ ራሴ ሰምቻለሁ፣ ከእናቱ ሽንኩርት ልበደር ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

«ደግሞ ዝም ብለው አፋፍ ላይ አይወጡም። መጀመሪያ የተበላበትን ያያሉ፣ ከዚያ የበላውን።»

የአህያ እድር የተቋቋመው እንዲህ ነው።

ሰፈሩ ሳቀ። «ነገ ደግሞ የዶሮ ሰንበቴ ታቋቁማለች» ተባለ። እሷ ግን የሰው እድር ዳኛ የሆኑትን ኦቦ ቶሎሳን ለምና የአህያውም ዳኛ አደረገቻቸው። ኦቦ ቶሎሳ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከተናገሩ በኋላ ተከራካሪ የለባቸውም። ከካባው በተረፈው ድንጋይ የጋራ በረት ተሠራ፣ ከላዩ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ባለ አህያ በተራ ይዘጋል፣ በተራ ያድራል። አህያ ከተበላ ደግሞ እንደ ሰው፣ በእንግዶቹ ገንዘብ የተገዛው ድንኳን ይተከላል፣ አባል በሙሉ መጥቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ ምትክ ይሰጣል። ድንኳን ያልተቀመጠ ሰው ምትክ የለውም።

ድንኳኑ ብዙ ሰው አስኮረፈ። አንዱ «አህያ ሰው ነው እንዴ?» አላት።

«አህያ ሰው አይደለም። ባለቤቱ ግን ሰው ነው፤ ይቀመጥና እንየው» አለችው።

እኔ በዚያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ አልመጣልኝ ብሎ፣ አንድ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ገብቼ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ ወጥቼ፣ ቤት ውስጥ እናቴን አናድድ ነበር። እትዬ አልጋነሽ አጥር ላይ ሆና ጠራችኝና እንግሊዝኛ እንደምችል ጠየቀችኝ። ትንሽ አልኳት።

«ትንሹ ይበቃል። ጅብ ብዙ አያወራም» አለች። አስተርጓሚ ሆንኩ።

መጀመሪያ የተበላባቸው የሰይድ እናት ናቸው። እንግዶቹን ይዤ ድንኳን ገባሁ። በመኪና ሲመጡ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ማለት አስተምሬአቸው ነበር፤ አፋቸው ላይ ተሰባብሮ ወጣ፣ ግን ወጣ። የሰይድ እናት «አሚን» አሉ። ከዚያ እትዬ አልጋነሽ ያዘዘችኝን ጥያቄ እንግዶቹ እንዲጠይቁ አደረግሁ፦ ስሟ ማን ነበር? ምን ትሠራ ነበር? የሰይድ እናት አህያቸው ውሃ ስትጭን የትኛው ቤት በር ላይ ራሷ እንደምትቆም፣ እሷ ከሌለች ያ ቤት ዛሬ ውሃ እንደሌለው ተናገሩ። ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው እየተሳሳቁ የመጡት ፈረንጆች አፋፍ ላይ ሲወጡ ድምፃቸው ሌላ ነበር። ጅቧን ቆመው ሲያዩአት አንደኛዋ ሴትዮ የተበላባቸውን እናት አሰበች መሰለኝ፣ ደጋግማ ወደ ሰፈሩ ትዞራለች። እትዬ አልጋነሽ ይህን አይታ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ፎቶ መነሣት አትወድም። ሊያነሷት ሲሉ ፊቷን በእጅጌዋ ሸፍና «ጅቡን አንሱ፣ እሱን ብላችሁ ነው የመጣችሁት» እንድል ታዘኛለች።

አንድ ቀን ከቦሌ የመጣ ሀብታም ከጓደኞቹ ጋር የበግ ጭን ይዞ መጣ። ሐረር እንዳየው በእጁ ሊያበላ ፈለገ። ሥጋውን ሲያወጣ በዱላዋ እጁን አለችው። ሰውየው ደነገጠ፤ እኔም ደነገጥኩ።

«ሐረር የራሱ ወግ አለው፣ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ። እኛ የለንም» አለችው። «ከእጅህ የለመደ ጅብ ነገ የሚያንኳኳው ያንተን በር አይደለም፣ የእኔን ነው።»

ሰውየው የከፈልኩትን መልሺልኝ አለ። መልሺለት አለችኝ፤ መለስኩለት። ሥጋውንም አንሥታ አሸከመችው።

ቀበሌ የጠራት በዚያ ሰሞን ነው። ሊቀመንበሩ ጎረምሳ ነው፣ ከስብሰባ ስብሰባ የሚሮጥ። ያለ ፈቃድ አስጎብኚ ሆነሻል አላት።

«ፈቃድ የሌለው ጅቡ ነው» አለችው። «እሱን ጥሩት፤ እኔ ምስክር ሆኜ እመጣለሁ።»

ተናደደና በማግስቱ የእድሩን አባላት በሙሉ ይዘሽ ቅረቢ አላት። ቀረበች። የሰፈሩን አህዮች ከነባለቤቶቻቸው ነድታ የቀበሌውን ግቢ ሞላችው። ውስጥ የልማት ስብሰባ ነበር። አንዷ አህያ ስትጀምር ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ተሰብሳቢው እርስ በርሱ መስማማት ቀርቶ መሰማማት አልቻለም። ሊቀመንበሩ በመስኮት ብቅ ብሎ ይህ ምንድን ነው ሲላት «አባላት አላልክም? ባለቤቶቹማ እኔ ነኝ ያመጣኋቸው፣ አባሎቹ እነዚህ ናቸው» አለችው። ለጊዜው ቀጥሉ ተባልን። እስከ ዛሬ ያ ጊዜው አላለቀም።

እንዲህ ስል ሁሌ የሞላልን እንዳይመስል። ክረምት ሲገባ እንግዳ ይጠፋል። ከምርጫው ማግስት ከተማው ታምሶ በነበረ ጊዜማ አንድ ፈረንጅ ዝር አላለም። ሰዎች እድሩ ይፍረስ፣ ፈረንጅ ከሌለ ጅቡን ለማን እናስቀምጠዋለን ማለት ጀመሩ። እሷ በረቱን እያሳየች «ይኼ በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ፈረንጅ ሲቀር አይፈርስም። ዝጉትና እደሩ» አለች። ዘጉት፣ አደሩ። በዚያ ሁሉ ወራት አህያ አልተበላም። እንግዶቹ ሲመለሱ ጅቦቹም እኛም ነበርን።

የማልረሳው ግን የጋሽ ደስታን ነገር ነው።

ጋሽ ደስታ በቅርባችን ባለው ማረሚያ ቤት በር አካባቢ የእስረኛ ጠያቂ ለሚስተናገድባቸው ሱቆች ለስላሳና ውሃ በአህያ ጋሪ ያደርሳሉ። ያኔ የነበረቻቸው አህያ አርጅታ ነበር፣ ጀርባዋ ቆስሏል፣ አንድ እግሯን ትጎትታለች። አንድ ማለዳ ካባው አፍ ላይ ተበልታ ተገኘች። ከበረት አምልጣ ነው አሉ። ያመለጠች አህያ ገመዷ አዲስ ችካል ላይ ታስሮ ምን ይሠራል? ችካሉን ሁላችንም አየነው። ወንዶቹ ለምትኩ ብሎ ነው ያስበላት፣ ከእድሩ ይባረር ብለው ተነሡ። ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ።

እትዬ አልጋነሽ ስለ ችካሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። «ደንብ ደንብ ነው። ድንኳን ትከሉለት» አለች።

ተተከለ። ጋሽ ደስታ መሐል ተቀመጡ። እሷ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ከፊታቸው ተቀመጠች። ሳታሾፍ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል «እግዚአብሔር ያጽናህ ደስታ» አለቻቸው። ኦቦ ቶሎሳ ተከተሉ። የሰይድ እናት «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» አሉ። ሰፈሩ በየተራ እየገባ አጽናናቸው። እያንዳንዱ ሰው ባጽናናቸው ቁጥር ሰውየው ወንበራቸው ላይ እያነሱ ሄዱ። ከዚያ ሰይድ እንግዶች ይዞ ደረሰ፤ እንግዶቹ እንደ ልማዳችን ስሟ ማን ነበር አሉ፤ እኔም ተረጎምኩ።

ስም አልነበራትም። ያን ሁሉ ዓመት ስሟ «ሂጂ» እና «ቁሚ» ነበር። ጋሽ ደስታን ላብ አጠመቃቸው።

«ቡሬ» አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያቺ አህያ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አመድማ እንደነበረች፣ አንዲት ነጭ ጠብታ እንደሌለባት ያውቃል። ማንም አልሳቀም። እትዬ አልጋነሽ ዓይኗን በየሰዉ ላይ እያዞረች ስለነበር የሚደፍር አልተገኘም።

ድንኳኑ ሊነሣ ሲል ጋሽ ደስታ ወደ እሷ መጥተው ምትኩ ይቅርብኝ አሏት።

«እድር በግማሽ አይሆንም» አለቻቸው። «ምትክህን ትወስዳለህ። ይህችኛዋን ግን ስም አውጣላት፤ ሌላ ጊዜ እንግዳ ሲጠይቅህ እንዳታሳፍረን።»

የተሰጠቻቸው ገና ወጣት አህያ ናት። ዓለሚቱ አሏት። አንገቷ ላይ ቀይ ክር አሠሩላት። ዝናብ ሲሆን ራሳቸው እየበሰበሱ ላስቲኩን ለእሷ ሲያለብሷት አይቻለሁ።

ለምን እንዳላባረረቻቸው ጠየቅኋት። አፋፍ ላይ ተቀምጠን ጅቦቹ እስኪወጡ እየጠበቅን ነበር። ቁልፏን አልነካችም፣ እንዲያው በተራ አነጋገር ነው የነገረችኝ።

«ያባረርሽው ሰው ነው መርዝ የሚገዛው» አለችኝ።

ወደ እትዬ አልጋነሽ ድንኳን ልመለስ።

ፎቶ ስለሌላት በፎቶው ፋንታ ኮቷን ሰቅለነዋል፤ ከሥሩ ዱላዋን አስደግፈናል። ጋሽ ደስታ «ዓለሚቱንስ ማን በላት?» ብለውኝ መልስ እየጠበቁ ነው። ሰዉም እየጠበቀ ነው። የችካሉን ነገር፣ የቡሬን ነገር ሁሉ እዚያው ልዘረግፍባቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ብናገረው ሰው ይስቃል፣ እሳቸው ድንኳኑን ጥለው ይወጣሉ፣ ቀጥታ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። መርዙ ያለው እቤታቸው ነው። ኮቱን ቀና ብዬ አየሁት። ዋጥኩት። እኔ ነገር ስውጥ ያየ ሰው ስለሌለ እናቴ ታመምሽ ወይ አለችኝ።

ደጅ የሚኒባስ ድምፅ ተሰማ። ሰይድ ጠዋት እንግዶቹን ልመልሳቸው ወይ ብሎ ጠይቆኝ፣ አምጣቸው ብዬው ነበር። ሽማግሌ ባልና ሚስት፣ ከሴት ልጃቸው ጋር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ሰይድ ወደ ኮቱ ሊመራቸው ሲል እጁን ያዝኩት። በደንቡ መጀመሪያ የተበላበት ነው። ሰው መሐል አሳልፌ ጋሽ ደስታ ፊት አቆምኳቸው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ። ሚስቱና ልጅቷም አሉ። ጋሽ ደስታ ወደ እኔ ቀና ብለው አዩ፤ ልታዋርደኝ ነው ብለው ነበር መሰለኝ። አላዋረድኳቸውም። ልጅቷ የጠየቀችውን ብቻ ተረጎምኩ።

«ስሟ ማን ነበር ትላለች።»

ጋሽ ደስታ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ዓለሚቱ» አሉ።

ምን ትሠራ ነበር አለች ልጅቷ። ጋሽ ደስታ መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ለእንግዶቹ፣ በኋላ ማንንም ሳያዩ ተናገሩ። እስረኛ ጠያቂ በሚበዛበት ቀን መንገዱ ሰው በሰው ሲሆን ማንንም ሳትነካ እንደምታልፍ ተናገሩ። ሱቆቹን አንድ በአንድ ስለምታውቃቸው ቁሚ ሂጂ እንደማትባል፣ ስንቅ ይዘው ከሩቅ አገር የሚመጡ እናቶች ወረፋ ሲጠብቁ አንገቷን እያሹ እንደሚያዋሯት ተናገሩ። አንዲት እናት በመጣች ቁጥር ከምታመጣው ቆሎ ለዓለሚቱ እንደምታስቀርላት ሲናገሩ ግን አልጨረሱትም።

ከዚያ ወደ ኦቦ ቶሎሳ ዞሩ።

«ለእኔም ድንኳን ይተከልልኝ» አሉ። ልመና አልነበረም፣ እንደ ጠብ ነው የተናገሩት። «እንደ ደንቡ። በሙሉ። ሰውም ይምጣልኝ።»

ኦቦ ቶሎሳ ከዘራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ቆዩ። «ሁለት ድንኳን የለንም ደስታ» አሉ። «ይኸው ቆሟል። እሷም ብትኖር ቦታ አትከለክልህም፤ ተቀመጥ።»

ሰዉ ወንበሩን እየሳበ መሐል ቦታ ለቀቀላቸው። ልክ ኮቱ ፊት ለፊት። ተቀመጡ። የሰይድ እናት ተነሥተው ሄዱና «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» አሏቸው፤ ሌላው ተከተለ።

«መርዙስ?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ፣ ሁሉም አጽናንቶ ሲጨርስ።

ጋሽ ደስታ ቀዩን ክር ከኪሳቸው አውጥተው ጣታቸው ላይ ይጠቀልሉ ነበር።

«ለቤቴ አይጥ ይሆነኛል» አሉ። ቀና ሲሉ እኔን አገኙኝ። «አንቺ ደግሞ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ሊመሽ ነው፣ ሰዎቹን ይዘሽ ውጪ እንጂ።»

ከኮቱ ሥር ዱላዋን አነሣሁ። እንግዶቹን አስከትዬ በአጥሩ ጥግ ወደ አፋፉ ወጣሁ።